ዘንባባን ከፍሬው በዕቃ ውስጥ ማብቀል፦ አራት ዓመት ያስተማረኝ

ባሕር ዳር ባደግሁበት ግቢ ጥግ ላይ ከአንድ ሥር የወጡ ሰባት ግንዶች ያሉት ዘንባባ ነበር። በየዓመቱ በሆሳዕና ዋዜማ የሰፈሩ ልጆች ቅጠል ሊለምኑ ይመጣሉ፤ እናቴም ከቅጠሉ ቀለበትና መስቀል እየሠራች ታድላቸው ነበር። አባቴ ካረፈ በኋላ ግቢው እንደሚሸጥ ሲወሰን፣ ከዚያ ዘንባባ ዘር ወስጄ በምኖርበት በአዲስ አበባ ለማብቀል አሰብኩ። ነገሩ ቀላል መስሎኝ ነበር። የመጀመሪያውን ጤነኛ ችግኝ እስካይ ድረስ ግን አራት ዓመት ሄደብኝ፤ ከዚያም ውስጥ ሦስቱ ማንም አስቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ በማልሠራቸው ስሕተቶች የባከኑ ናቸው። ይህን የምጽፈው በጣሳ፣ በባልዲ ወይም በችግኝ ላስቲክ ዘንባባ ለማሳደግ የሚያስብ ሰው ያን ያህል ጊዜ እንዳያጣ ብዬ ነው።

የምናገረው ስለ አገር በቀሉ ዘንባባ ነው። በአንዳንድ አካባቢ ሰሌን ይባላል፤ በኦሮምኛ ሜጢ ይሉታል፤ ምንጣፉ፣ መጥረጊያውና ቅርጫቱ የሚሠራው ከዚሁ ቅጠል ነው። ከተምር ጋር የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው፤ ነገር ግን ተምር በአብዛኛው አንድ ወፍራም ግንድ ሆኖ ሲያድግ ዘንባባችን ከሥሩ ብዙ ቀጫጭን ግንዶች እያወጣ ይሰፋል፤ ፍሬውም ትንሽና ሲበስል ብርቱካናማ ነው።

የመጀመሪያው ዓመት፣ ማለትም 2010 ዓ.ም.፣ በመጠበቅ አለፈ። ዘንባባው አበባ አወጣ፤ ስንነካው ብናኙ እንደ ዱቄት እየበነነ እጃችን ላይ ይቀር ነበር። ፍሬ ይከተላል ብዬ ወር በወር እኅቴን በስልክ ብጠይቃትም አበባው ደርቆ ረገፈ። ዘንባባ ወንዱና ሴቱ በየራሳቸው ዛፍ የሚቆሙ መሆናቸውን ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው። ፍሬ የምትሰጠው ሴቷ ብቻ ናት፤ እርሷም ብታፈራ ወንድ በአቅራቢያዋ ሲኖር ነው። ከአንድ ሥር የወጡ ግንዶች ሁሉ ደግሞ አንድ ዛፍ በመሆናቸው ጾታቸው አንድ ነው። የእኛው ሰባት ግንድ ሁሉም ወንድ ነበር። እናቴ በዚያ ግቢ በኖረችባቸው ዘመናት ፍሬ አይታበት እንደማታውቅ ስጠይቃት ወዲያው ነገረችኝ፤ እኔ ግን አስቀድሜ አልጠየቅኋትም። ስለዚህ ዘር ለመልቀም የምትፈልጉ ሰዎች መጀመሪያ የዛፉን ጎረቤቶች፣ በተለይ ሽማግሌዎቹን ጠይቁ፤ ይህ ዛፍ አፍርቶ ያውቃል ወይ በሉ። ግቢው ተሸጦ ዛፉ ሲቆረጥ ከእርሱ የቀረልኝ ነገር አልነበረም፤ ያሳዘነኝም ከሁሉ በላይ ይህ ነው።

በሁለተኛው ዓመት ከዓባይ ዳርቻ ከቆመች አንዲት ሴት ዛፍ፣ ባለቤቱን አስፈቅጄ፣ ፍሬ ይዤ መጣሁ። እዚህ ላይ ሦስት ስሕተት በአንድ ጊዜ ሠራሁ። የመጀመሪያው፣ ዘለላው ገና ቢጫ ሳለ መቁረጤ ነው። ሁለተኛው፣ ፍሬውን ከነሥጋው መቅበሬ ነው። ሦስተኛው፣ የተከልኩት በሐምሌ፣ አዲስ አበባ ፀሐይ በማታይበት ወር፣ በረንዳ ላይ በተቀመጡ አጫጭር የወተት ጣሳዎች መሆኑ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ አፈሩ ጎምዝዞ መሽተት ጀመረ፤ ጉንዳን ወረረው፤ መስከረም ላይ ስቆፍረው ከሻጋታ በቀር ያገኘሁት የለም።

ለዚህ መልሱ አስቸጋሪ አይደለም። ፍሬው ሙሉ በሙሉ ብርቱካናማ ሆኖ፣ ሲነካ በራሱ ከዘለላው መርገፍ ሲጀምር ልቀሙት። በወር አትመሩ፤ በአንድ ቀበሌ ያሉ ሁለት ዛፎች እንኳ ሲለያዩ አይቻለሁ፤ የሚታመነው ቀለሙ ነው። የፍሬው ሥጋ ስኳር ስላለው ሻጋታና ነፍሳት ይጠራል፤ መጎንቆልንም ይከለክላል። ስለዚህ ሁለትና ሦስት ቀን ውኃ ውስጥ አድርጋችሁ ሲላላ በሻካራ ጨርቅ ወይም በአሸዋ እያሻችሁ እስኪላጥ ድረስ እጠቡት። ከዚያ በኋላ ንጹሑን ዘር ሌላ ሁለት ቀን ዘፍዝፉት፤ ውኃውን ግን ጧት ጧት ቀይሩ። በውኃ ላይ የሚንሳፈፈውን ጣሉ የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ለይቼ ከዘራኋቸው ተንሳፋፊዎች የበቀሉ ስለነበሩ አሁን አልጥልም፤ በተለየ ዕቃ እዘራቸዋለሁ።

ሦስተኛው ዓመት ከሁሉ ይበልጥ የሚቆጨኝ ነው፤ ምክንያቱም ዘሮቹ በቅለውልኝ ሳሉ በገዛ እጄ ገደልኳቸው። ስልሳ የታጠቡ ዘሮች በእነዚያው አጫጭር ጣሳዎች ዘራሁ። አንድ ወር ተኩል አለፈ፤ ከአፈሩ በላይ ምንም አይታይም። ትዕግሥቴ አለቀና አንዱን ጣሳ ገልብጬ አየሁ። ከዘሩ ጎን እንደ ጅማት ያለ ነጭ ዘንግ ወጥቶ ወደ ታች ወርዷል፤ ከጣሳው ወለል ጋር ሲጋጭም ተጠምዝዞ ቀርቷል። ቅጠል የሚመስል ነገር ግን የለበትም። እኔም ይህ የታመመ ሥር ነው ብዬ ደመደምኩ፤ ጥቂቶቹን ቆርጬ ጣልኳቸው፤ ሌሎቹን ዘሩን ከዘንጉ ለይቼ እንደገና ቀበርኳቸው። ከስልሳው አንድም ለቅጠል አልደረሰም።

በዚያ ሰሞን የበሰበሰ ፍግ ልገዛ የሄድኩበት ችግኝ ጣቢያ ውስጥ በዕድሜ የገፉ አንድ አትክልተኛ አገኘሁ። ነገሩን ስነግራቸው ብዙ አልተናገሩም፤ ቀደም ሲል የተምር ዘር ወደ ዘሩበት አንድ ረጅም ላስቲክ ወሰዱኝና ጎኑን በምላጭ ቀደው አሳዩኝ። ዘሩ ከላይ፣ ከአፈሩ ፊት ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ተቀምጧል። ከእርሱ የወጣው ነጭ ዘንግ ወደ ታች ወርዷል። እውነተኛው ችግኝ ያለው በዘንጉ ጫፍ ላይ ነው፤ እዚያ ትንሽ እብጠት አለ፤ ከእብጠቱ ሥር ወደ ታች ይሄዳል፤ ከጎኑ በተሰነጠቀ ቀዳዳ ደግሞ የመጀመሪያው ቅጠል እንደ መርፌ ሆኖ ወደ ላይ ጉዞውን ጀምሯል። «ልጄ፣ ይህ እኮ እንደ ባቄላ ከዘሩ ጋር ተያይዞ አይወጣም፤ መጀመሪያ ይወርዳል፤ ስንቁ ግን ከላይ ነው የቀረው፤ ገመዱን ከቆረጥሽው በረሃብ ይሞታል» አሉኝ።

ከዚያች ቀን በኋላ የሠራሁት ሁሉ ከዚህ ከአንዱ ዕውቀት የመነጨ ነው። ዘንባባ ከአፈር በላይ ከመታየቱ በፊት ከአፈር በታች ብዙ ሥራ ይሠራል፤ ስለዚህ የሚፈልገው ሰፊ ሳይሆን ጥልቅ ዕቃ ነው፤ እስከዚያም ድረስ ዘሩ መነካት የለበትም፤ ከላይ ምንም ስላልታየ ብቻ ሞቷል ማለት አይደለም።

በ2013 ዓ.ም. መቶ ሃያ ዘሮች ይዤ እንደገና ጀመርኩ። በዚህ ጊዜ ሥራውን ለሁለት ከፈልኩት፤ መጀመሪያ በሞቀ ቦታ ማጎንቆል፣ ቀጥሎ የጎነቆለውን ብቻ ወደ ጥልቅ ዕቃ ማዛወር። የዘንባባ ዘር ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያለውን ሙቀት ይወዳል። ባሕር ዳር ላይ ይህ በጥላ ሥር በቀን ይገኛል፤ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ ግን ሌሊቱ አያስችልም። እኔ ያደረግሁት ይህን ነው፦ አሸዋ በደንብ አጥቤ፣ ከብሎኬት ሠሪዎች ካመጣሁት ደቃቅ ፑሚስ (ቀላልና ቀዳዳማ ድንጋይ) ጋር እኩል ቀላቀልኩ። ውኃ አርከፈከፍኩበትና በእጄ ጨመቅሁት፤ ሲጨመቅ ጠብታ የማይወጣው፣ ሲለቀቅ ግን የማይበተን ሲሆን ልኩ ነው። ዘሮቹን ከዚህ ድብልቅ ጋር በሚታሸግ ላስቲክ ውስጥ አድርጌ፣ ላስቲኩን በቅርጫት ይዤ ማቀዝቀዣው (ፍሪጁ) አናት ላይ፣ ከበስተጀርባው ሞቃት አየር በሚወጣበት በኩል አስቀመጥኩት። ቴርሞሜትር ብታስገቡ ደግ ነው፤ የእኔው በ27 እና በ30 መካከል ይመላለስ ነበር። ከእንጀራ ምጣድ አጠገብ ማስቀመጥ ግን አይሆንም፤ አንድ ጊዜ ሞክሬ አሥር ዘር አቃጥያለሁ።

ላስቲኩ ግልጽ ስለሆነ መቆፈር ሳያስፈልግ በሳምንት አንድ ቀን ከውጭ ይታያል፤ ትዕግሥት ለሚያጥረን ሰዎች ትልቁ ጥቅሙም ይህ ነው። የመጀመሪያው ነጭ ጫፍ የታየው በ34ኛው ቀን ነው። አብዛኞቹ በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር መካከል ጎነቆሉ፤ የመጨረሻው ግን በሰባተኛው ወር ወጣ። ስለዚህ የዘገየውን ዘር አትጣሉ። ሻጋታ ያያችሁበትን ዘር አውጥታችሁ እጠቡት፤ ጠንካራ ከሆነ መልሱት፤ በጣት ሲጫን የሚላላውን ብቻ አስወግዱ። በመጨረሻ ስቆጥር ሰማንያ ሦስት ጎንቁለው ነበር።

ነጩ ዘንግ እንደ ትንሽ ጣት አንጓ ሲረዝም ወደ ዕቃው አዛወርኳቸው፤ ከዚያ በላይ ብትጠብቁ በቀላሉ ይሰበራል። ለዕቃ የተጠቀምኩት ሁለት ሊትር የሚይዝ የሃይላንድ ጠርሙስ ነው፤ አናቱን ቆርጬ፣ ግርጌውን በጋለ ሚስማር ስድስት ቦታ በስቼ፣ ሥሩ ብርሃን እንዳያገኘው ዙሪያውን በጥቁር ላስቲክ ጠቀለልኩት። ረጅም የችግኝ ላስቲክ ካገኛችሁ የተሻለ ነው፤ ዋናው ነገር ጥልቀቱ ከ25 ሴንቲ ሜትር እንዳያንስ ነው። አፈሩን ሁለት እጅ የጫካ አፈር፣ ሁለት እጅ ፑሚስ ወይም ሻካራ አሸዋ፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት አድርጌ ቀላቀልኩ። በመካከሉ በእርሳስ ቀዳዳ ከፍቼ ዘንጉን ወደ ታች አስገባሁ፤ ዘሩን ጎኑን አስተኝቼ አንድ ጣት ያህል አፈር አለበስኩት።

ዘንባባ የወንዝ ዳር ዛፍ ስለሆነ ብዙ ሰው ውኃ ማንቆርቆር የሚገባ ይመስለዋል። ወንዝ ዳር ያለው ውኃ የሚንቀሳቀስና አየር ያለው ነው፤ በዕቃ ውስጥ የሚቆም ውኃ ግን ሥሩን ያንቃል፤ ያበሰብሳልም። ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አስገቡ፤ እርጥበት ከተሰማችሁ ተዉት። ልምድ ስታገኙ ዕቃውን በማንሳት ብቻ ከክብደቱ ታውቁታላችሁ። ስታጠጡ ደግሞ በግርጌው ቀዳዳ እስኪፈስ ድረስ አጠጡ፤ ከላይ ከላይ ማርጠብ ጥልቅ ላለው ሥር አይደርሰውም። በክረምት ሁሉንም ከጣሪያው ክፈፍ ሥር አስገባኋቸው፤ በሐምሌና በነሐሴ ወር በእጄ ያጠጣሁባቸው ቀናት በጣም ጥቂት ናቸው።

የመጀመሪያው ቅጠል ሲወጣ የዘንባባ መልክ የለውም። የተከፋፈለ ሳይሆን አንድ ወጥ፣ ጠባብና ረጅም፣ ፍጹም ሣር የሚመስል ቅጠል ነው። እናቴ ልትጠይቀን ከባሕር ዳር መጥታ ሳለች፣ እኔ ሥራ ውዬ ስመለስ ዘጠኙን ጠርሙስ አርማ አጽድታ ጠበቀችኝ። «ሣር ወርሶት አየሁና ላግዝሽ ብዬ ነው» አለችኝ፤ ዘንባባ ስትቆርጥ የኖረች ሴት ናት፤ ግን ከዘር ሲወጣ አይታ አታውቅም፤ እኔም አልነገርኳትም። ስለዚህ በየዕቃው ላይ የበቀለበትን ቀን ጽፋችሁ ለጥፉ፤ ለቤተሰቡም፣ ቤት ለሚያግዛችሁም ሰው አሳዩ።

ማዳበሪያ ላይ አትቸኩሉ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ችግኙ የሚመገበው ከዘሩ ነው። እኔ ቶሎ ይደግ ብዬ ለስድስቱ ጥሬ ፍግ ጨምሬባቸው ሥራቸው ተቃጥሎ ደረቁ። ሦስተኛው ቅጠል ከወጣ በኋላ በሁለት ወር አንድ ጊዜ አንድ እፍኝ የበሰለ ኮምፖስት ላዩ ላይ መበተን በቂ ነው። ከጊዜ በኋላ የታችኞቹ አሮጌ ቅጠሎች ቢጫና ብርቱካናማ ነጥብ ካወጡ አብዛኛውን ጊዜ የፖታሽየም እጥረት ነው፤ እነዚያን ቅጠሎች ለውበት ብላችሁ አትቁረጡ፤ ዛፉ ከእነርሱ እየሳበ ለአዲሱ ቅጠል ይሰጣልና።

ፀሐይን በሚመለከት የደረሰብኝ ጉዳት በአንድ ቀን የሆነ ነው። ዓመት ሙሉ በጥላ የኖሩትን ችግኞች በጥቅምት፣ ሰማዩ በጠራበት ቀን፣ አውጥቼ ግቢው መካከል ደረደርኳቸው፤ በሦስተኛው ቀን ቅጠላቸው እንደ ወረቀት ነጣ። አብዛኞቹ ተርፈዋል፤ ምክንያቱም ዘንባባ የሚኖረው ከመካከሉ በሚወጣው ቡቃያ ነው። መትረፉን ለማወቅ ያንን ገና ያልተከፈተ ቅጠል ቀስ ብላችሁ ሳቡት፤ ጸንቶ ከያዘ ሕያው ነው፤ ተነቅሎ ከመጣና ግርጌው ከሸተተ ግን አይተርፍም። ከጥላ ወደ ፀሐይ ስታወጡ በየሳምንቱ የጧት ፀሐይ አንድ ሰዓት እየጨመራችሁ አለማምዷቸው። የአዲስ አበባ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድም ለጨቅላ ችግኝ ከባድ ነው፤ ማታ ማታ ወደ በረንዳ አስገቡ።

አንድ ወዳጄ ከአፋር፣ ከአዋሽ ዳርቻ፣ የዱም ዘንባባ ፍሬ አራት አምጥቶልኝ በሃያ ሊትር ባልዲ ዘርቼ ነበር። የሁለቱ ዘንግ የባልዲውን ቀዳዳ አልፎ ወጣ፤ ሳነሣውም ተሰበረ። በጋምቤላ የሚበቅለው፣ ረጅሙና ቅጠሉ እንደ ማራገቢያ የሆነው ዘንባባም ችግኙን ከዚያ በበለጠ ጥልቀት የሚቀብር ነው። እነዚህን ሁለቱን በዕቃ ማሳደግ አልመክርም፤ አየሩ በሚስማማቸው ቆላ፣ ለዘለዓለም በሚቆሙበት ቦታ ዘሩን በቀጥታ መትከል ይሻላል። ዘንባባችን ግን በዕቃ ሁለትና ሦስት ዓመት በደኅና ይቆያል።

መልመድ ብቻ ለምትፈልጉ፣ ከሱቅ በተገዛ ተምር ዘር ጀምሩ። በየቤቱ ይገኛል፤ ሲጎነቁልም መንገዱ ከዘንባባ ጋር አንድ ነው፤ ቢበላሽም አያስቆጭም። ነገር ግን የተምር ችግኝ አገር በቀል ዘንባባ ነው ብላችሁ ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለወንዝ ዳር እንዳትሰጡ። ዘንባባና ዘመዶቹ በቀላሉ ይዳቀላሉ፤ ንጹሕ ዘር የሚፈልግ ሰው በከተማ አደባባይ የውጭ ዘንባባ አጠገብ ከቆመ ዛፍ ሳይሆን በዱር፣ በራሱ ወገን መካከል ካለ ዛፍ ይልቀም።

ችግኞቹ ከበቀሉ በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ቅጠሎቹ መሰንጠቅ ጀመሩ፤ እንደ ላባ የተከፋፈለ የመጀመሪያውን ቅጠል ሳይ ለእናቴ ፎቶግራፍ ላክሁላት። በዚያው ጊዜ በቅጠሉ ግርጌ የሚወጣው እሾህም ብቅ አለ፤ ጠንካራና የሚወጋ ስለሆነ ከዚያ ወዲያ ያለ ጓንት አልነካቸውም፤ ልጆችም ከሚሮጡበት አርቄ አስቀመጥኳቸው።

ዛሬ አርባ አንድ ችግኞች አሉኝ። በ2016 ዓ.ም. ክረምት ሲገባ አምስቱን ወደ ባሕር ዳር ወስደን በእኅቴ ግቢ ተከልናቸው። ጠርሙሱን በጎኑ በምላጭ ቀድደን፣ አፈሩ ሳይፈርስ፣ ሥሩን ሳንነካ አወጣናቸው፤ ጥልቀቱንም በዕቃው ውስጥ ከነበረው ሳንጨምር ጉድጓዱ ውስጥ አስቀመጥናቸው፤ የዘንባባ አንገት ከተቀበረ ይበሰብሳልና። ሲያድግ ከሥሩ እየበዛ ስለሚሰፋም ከግድግዳና ከውኃ ቧንቧ አራት ሜትር አራቅናቸው። እኅቴ አንድ ይበቃኛል ብላ ነበር። ወንድ ይሁን ሴት ግን አበባው እስኪመጣ ድረስ በምንም መንገድ አይታወቅም፤ ያም ዓመታት ይፈጃል። አምስቱንም አንድ ላይ የተከልናቸው ስለዚህ ነው፤ አንዷ እንኳ ሴት ብትሆን፣ ከጎኗም አንድ ወንድ ቢገኝ፣ የሚቀጥለው ሰው ዘር ፍለጋ ሌላ ግቢ መሄድ አያስፈልገውም።